ገማራ እየተማርኩ የአባቴን ስልክ አላነሳሁም

እንደ እኔ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከመጣ አንድ ቤተ እስራኤል አንባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ይህ ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ቃላቱን ለማያውቅ ሰው፦ ቶራ ኦሪት ነው፤ ሚሽና የጥንት ሊቃውንት የሕግ ስብስብ ነው፤ ገማራ በሚሽናው ላይ ያደረጉት ክርክር ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ታልሙድ ይባላሉ። ቤት ሚድራሽ ይህ ሁሉ የሚጠናበት ቤት ነው።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። ከቋራ የመጣነው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀን መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት በሳምንት ሦስት ማታ ሠፈራችን ባለው ቤት ሚድራሽ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ገማራ እማራለሁ። ስጀምር ‹ቶራን መማር እግዚአብሔርን መውደድ ነው› ተብዬ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እውቀቱ እየመጣ ነው፣ ፍቅሩ ግን የለም። ስለ በሬ፣ ስለ ግንብ፣ ስለ ጠፋ ዕቃ ነው ስንከራከር የምናመሸው።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ግን የመንደራችን ቄስ ኦሪት ሲያነቡና ሲተረጉሙ የሰማውን እስከ ዛሬ ቁጭ ብሎ ይተርካል። ሰንበት ሲገባ ፊቱ ይበራል። በስግድ በዓላችን ዕለት ያለቅሳል። እኔ ገማራ ይዤ አንድም ቀን ዓይኔ እንባ አቅርሮ አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የጠፋ ዕቃ ምዕራፍ ላይ ነበርን። ሚሽናው ‹የአባትህም የመምህርህም ዕቃ ቢጠፋ የመምህርህን አስቀድም፤ አባትህ ወደዚህ ዓለም አመጣህ፣ ጥበብ ያስተማረህ መምህርህ ግን ወደሚመጣው ዓለም ያገባሃል› ይላል። ይህን እያነበብን ስልኬ ጠራ። አባቴ ነው። አላነሳሁም። ሦስት ጊዜ ደወለ። ለካ በሕይወት የሌለችው እናቴ ፈትላ ያሠራችለትን ጋቢ አውቶቡስ ላይ ረስቶት ኖሯል። ሾፌሩን በዕብራይስጥ እንዳናግርለት ነበር የፈለገው። ምንም አልተቆጣኝም። ‹ትምህርት ላይ ነበርክ፣ ምን ታደርግ› አለኝ። እሱ ነው የገደለኝ።

ከዚያ ወዲህ ገማራውን ስከፍት የሚታየኝ አባቴ ነው። ይህ ነገር እግዚአብሔርን መውደድ ነው ወይስ ከአባቴ መሸሽ? ልተወው?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለቱም ጊዜ አንድ ነገር ፈለግሁና አጣሁ። ጋቢው ተገኘ ወይ? ስለ ነፍስህ ይህን ያህል ጽፈህ የጋቢውን ነገር አንጠልጥለህ ተውከው።

እንግዲህ ከሱ እንጀምር። የአውቶቡስ ድርጅቶች ተሳፋሪ የረሳውን ዕቃ የሚያስቀምጡበት ቦታ አላቸው። ነገ ጠዋት ደውል። የመስመሩን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ንገራቸው። ከዚያ በፊት ግን አባትህ ጋ ሂድና ስለ ጋቢው ጠይቀው። ጥለቱ ምን ዓይነት ነው? የተጣፈ ቦታ አለው? ጠርዙ የተተረተረው በየት በኩል ነው? አንተ እኮ ይህን ታውቃለህ። ምልክት ያለው ዕቃ ባለቤቱ ምልክቱን ሲናገር ይመለስለታል። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም የሚለውን ለመወሰን የታልሙድ ሊቃውንቱ አባዬና ራባ ስንት ገጽ እንደተከራከሩ ከእኔ ይልቅ አንተ ትዝ ይልሃል። አባትህ ተስፋ የቆረጠ አይመስለኝም። ሚስቱ የፈተለችው ጋቢ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት ለጥያቄህ የምሰጠው መልስ ከዚሁ ጋቢ ስለማይርቅ ነው።

አሁን ወደ ሚሽናው። ያን ማታ መምህርህ ምን ጠፋበት? ምንም። ሚሽናው የሚናገረው የሁለቱም ዕቃ ጠፍቶ አንድ ሰው ለሁለቱም መድረስ ሲያቅተው ነው። የጠፋው የአባትህ ጋቢ ብቻ ነበር። አንተ ግን ልክ ያን መስመር እያነበብክ ስለነበር ሕጉ የፈረደብህ መሰለህ። ሕጉ አልፈረደም። እንዲያውም በዚያው ታልሙድ፣ ሞዔድ ቃጣን በሚባለው ክፍል፣ በሌላ ሰው ሊሠራ የማይችል ትእዛዝ ሲመጣ ትምህርት ይቋረጣል ተብሏል። ታላቁ የሕግ ሊቅ ራምባምም ይህንኑ በሕግ መጽሐፉ አስፍሮታል፤ ሠርቶ ወደ ትምህርቱ ይመለስ ይላል። አባትህ ለሌላ ለማን ይደውል ነበር? ዕብራይስጡን የሚናገርለት አንተ ብቻ ነህ።

ሌላም አለ። ሚሽናው አንተ የጠቀስከው ቦታ ላይ አያበቃም። ቀጥሎ «አባቱ አዋቂ ከሆነ የአባቱ ይቀድማል» ይላል። ይህን ቃል እንዳነበባችሁት አልጠራጠርም። ግን «አባቴ ፊደል አልቆጠረም» ብለህ ስለምታስብ ከራስህ ቤት ጋር ሳታገናኘው አለፍከው። ገማራው ደግሞ «ለመሆኑ መምህር የሚባለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ረቢ ዮሴ የሚሰጠው መልስ በጣም ደስ ይለኛል። በአንዲት ሚሽና ብቻ እንኳ ዓይኑን ያበራለት መምህሩ ነው ይላል። አባትህ ሰንበት ምን እንደሆነ አሳይቶሃል። የመንደራችሁ ቄስ የተናገሩትን ይዞ ባሕር ተሻግሮ አምጥቶልሃል። እስኪ አንተው ፍረድ፣ ይህ ሰው ስንት ሚሽና ያህል አበራልህ?

ታልሙድ ወደ እኛ አገር አልደረሰም። አባቶቻችን የያዙት ኦሪትን ነበር፣ በግእዝ። እዚህ ስንመጣ ብዙ ሰው ይህን ጉድለት ብቻ አድርጎ አየው። ቄሶቻችን በስተርጅና ክብራቸው ሲቀንስ አይተናል። እኔም በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ተመልሼ እናቴን «አንቺ አታውቂም» ያልኩበት ቀን አለ። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። ስለዚህ በአንተ ውስጥ ያለው ነገር እንግዳ አልሆነብኝም። መጽሐፉን ስትይዝ አባትህን የጣልክ ይመስልሃል፣ አባትህን ስትይዝ ደግሞ መጽሐፉ የሰው ይሆንብሃል። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ላሳይህ ነው የምሞክረው።

«ስማ እስራኤል»ን በየቀኑ ትላለህ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንብበኸው ታውቃለህ? ዘዳግም 6 ላይ አምላክህን በፍጹም ልብህ፣ በፍጹም ነፍስህ፣ በፍጹም ኃይልህ ውደድ ይላል። ወዲያው ቀጥሎ ይህን ቃል በልብህ ያዝ ይላል። ለልጆችህ አስተምረው ይላል። ከዚያ በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ «ተጫወተው» ይላል።

ተጫወተው! ይህን ቃል የመረጡት ተርጓሚዎች እጃቸው ይባረክ። ዕብራይስጡ «ተናገርበት» የሚል ነው። አማርኛ ግን ጨዋታ የሚል ቃል አለው። ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ማንም ሳይቸኩል የሚደረገው ወግ ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፤ ዝም ካለ ቅር የተሰኘ ይመስለናል። ፍቅርና ጨዋታ እኛ ዘንድ አይለያዩም። የማትወደው ሰው ጋ ቁጭ ብለህ አታመሽም።

የጥንት ሊቃውንት እነዚህን ሁለት ቃላት፣ «ውደድ» እና «በልብህ ያዝ» የሚሉትን፣ ጎን ለጎን አይተው ያንተኑ ጥያቄ ጠይቀዋል። ሲፍሬ የሚባል የዘዳግም ጥንታዊ ማብራሪያ አለ። ውደድ ተብሏል፣ ግን እግዚአብሔር የሚወደደው እንዴት እንደሆነ አላውቅም ይላል። መልሱ ከቀጣዩ ቁጥር ይመጣል። እነዚህን ቃሎች በልብህ አኑር፤ በዚህ መንገድ ተናግሮ ዓለምን ያስገኘውን ታውቀዋለህ፣ በመንገዱም ትጣበቃለህ። ጓደኞችህ «ቶራን መማር እግዚአብሔርን መውደድ ነው» ያሉህ ከዚህ ተነስተው ነው። ራምባም፣ ኮርዶባ ተወልዶ በ1204 ግብፅ ውስጥ ያረፈው ሊቅ፣ ይህንኑ ሲፍሬ ጠቅሶ ትእዛዛቱን ማሰላሰል ወደ ፍቅር እንደሚያደርስ ጽፏል። በሕግ መጽሐፉም ፍቅሩ በእውቀቱ ልክ ነው ይላል፤ እውቀቱ ትንሽ ሲሆን ትንሽ፣ ብዙ ሲሆን ብዙ።

እውቀት ሲል ግን ምን ማለቱ ነው? አንድን ሰው አወቅሁት የምትለው ስሙንና አድራሻውን ስትይዝ አይደለም። ምን እንደሚያሳስበው፣ ምን እንደሚያስቆጣው፣ የትኛውን ትንሽ ነገር ልብ እንደሚል ስታውቅ ነው። አንተ «ስለ በሬና ስለ ጠፋ ዕቃ ነው የምንከራከረው» ስትል እንደ ቅሬታ ነው። እኔ ያን ስሰማ ልቤ ይሞቃል። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ፣ መንገድ ላይ የወደቀ የድሃ ልብስ ያሳስበዋል ማለት ነውና።

ይህ የገባኝ ግን ቀስ ብሎ ነው። ታሪኩን ልንገርህ።

እኔ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ በዚያ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተጓጓዘበት የሰለሞን ዘመቻ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ገማራ መማር የጀመርኩት በ39 ዓመቴ ነው፣ ማታ ማታ በሴቶች ክፍል። የመጀመሪያው ዓመት እንዳንተ ደረቅ ነበር። ተጨቃጭቀን እንወጣለን፣ ቤቴ ስገባ ራሴን ያመኛል። አንድ ማታ አንተ ያለህበት ምዕራፍ ላይ ደረስን። ልብስ ያገኘ ሰው ምን ያድርግ? ሚሽናው በየሠላሳ ቀኑ አንድ ጊዜ ያራግፈው ይላል። ለልብሱ ጥቅም ሲባል ያሰጣዋል፣ ለራሱ ክብር ግን አያሰጣውም።

እዚያ ላይ ቆምኩ። መምህርቷ ቀጥላ ሄደች፣ እኔ ግን መቀጠል አልቻልኩም።

እናቴ ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጠው አንድ ጥበብ ቀሚስ ነበር። የሷ አልነበረም። በ1984 ጎረቤታችን ወደ ሱዳን በእግር ስትነሳ «አቆዪልኝ» ብላ ነው የተወችው። እናቴ በየጊዜው እያወጣች ታራግፈዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ አጥፋ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ልልበሰው ብዬ ስለምናት «የሰው ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። በ1991 ስንነሳ ሻንጣ ይዞ መግባት አልነበረም። እናቴ ቀሚሱን ከልብሷ ሥር ወገቧ ላይ ጠምጥማ አወጣችው። እዚህ ስንደርስ የቀሚሱ ባለቤት ሱዳን መንገድ ላይ ሞታ ቀርታ ነበር። እናቴ የሟቿን ልጅ አፈላልጋ ቀሚሱን በእጇ አስረከበቻት። ሰባት ዓመት ሙሉ!

እናቴ ሚሽና የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም ነበር። ኦሪት ላይ ግን ወንድምህ የጠፋበትን በሬ፣ አህያ፣ ልብስ አይተህ አትለፍ የሚል ቃል አለ፣ ዘዳግም 22። ያንን ከቄሱ አፍ ሰምታለች። ሰምታም በልቧ ይዛዋለች። ያን ማታ ክፍል ውስጥ ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ለካ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ቤታችን ነበር። ገማራውን ባልማር ኖሮ እናቴ በዚያ ሳጥን ምን ስትሠራ እንደነበር ሳላውቅ እሞት ነበር። እናቴን ባላይ ደግሞ ሚሽናው ቀለም ብቻ ይሆንብኝ ነበር።

«አንድም ቀን አላለቀስኩም» ብለሃል። እንባ መለኪያ ነው ብዬ አላምንም። ግን የአባትህን እንባ ከየት እንደመጣ እንየው፣ ምክንያቱም አባትህ ሳይማር የወደደ አድርገህ ስለምታስብ። ስግድ ላይ የሚነበበው ምንድን ነው? አንዱ የነህምያ መጽሐፍ ነው። ሕዝቡ ከምርኮ ተመልሶ ተሰበሰበ። ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር የሕጉን መጽሐፍ አነበበላቸው። ሌዋውያኑ ትርጉሙን ያስረዱ ነበር። ሕዝቡም የሕጉን ቃል ሲሰማ አለቀሰ። አየህ፣ እንባው የመጣው ተነብቦላቸው፣ ተተርጉሞላቸው፣ ሲገባቸው ነው። አባትህ ያደገውም እንዲሁ ነው። ቄሱ በግእዝ ያነባሉ፣ በሚገባው ቋንቋ ይተረጉማሉ፣ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። ይህ ትምህርት ነው ወንድሜ። አባትህ ቶራን ተምሯል። የተማረው በጆሮው ነው። አንተ ሁለት ዓመት በሳምንት ሦስት ማታ ተምረሃል። እሱ ስንት ዓመት እንደሰማ ቁጠርለት። ፍቅሩ ያለ ትምህርት አልመጣም። ስንት ዘመን ሰምቶ፣ ደጋግሞ፣ ተርኮ የበሰለ ፍቅር ነው።

ስለዚህ ራስህን ከሱ ጋር አታወዳድር። ከታላቁ የታልሙድ መምህር ከረቢ አኪባ ጋር አወዳድር ብልህ ደግሞ ትስቅብኛለህ። ግን ስማኝ። እስከ አርባ ዓመቱ አንድ ፊደል አያውቅም ነበር ይባላል። ውኃ ሲንጠባጠብ ድንጋይ እንደሚቦረቡር አይቶ ነው «ልቤ ከድንጋይ አይብስም» ብሎ ከልጁ ጋር ፊደል ሊቆጥር የተቀመጠው። ከዚያ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ሮማውያን በብረት ሚዶ ሥጋውን እየቧጠጡ ሲገድሉት የስማ ጸሎት ሰዓት ነበር። ተማሪዎቹ «መምህራችን፣ እስከዚህ ድረስ?» አሉት። እሱም ዕድሜዬን ሙሉ «በፍጹም ነፍስህ» የሚለው ቃል ሲያስጨንቀኝ ኖሯል፣ መቼ እጄ ገብቶ እፈጽመዋለሁ እል ነበር አላቸው።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ሞቱ ላይ ያተኩራሉ። እኔን የሚይዘኝ «ዕድሜዬን ሙሉ» የሚለው ነው። ረቢ አኪባ! ስንቱን ያስተማረ ሰው፣ ማታ መጽሐፉን ሲዘጋ የጎደለ ነገር ይሰማው ነበር ማለት ነው። በፍጹም ነፍሴ ወድጄዋለሁ ብሎ አርፎ አልተኛም። አንተ ሁለት ዓመት ተምረህ «ፍቅሩ የለም» ብለህ ስትጨነቅ ለእኔ ፍቅሩ የለም ማለት አይደለም። የማይወድ ሰው ለምን አልወደድኩም ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም።

ገማራውን አትተው። ይህ መልሴ ነው። ግን ዝም ብለህም እንደ በፊቱ አትቀጥል። የምማረው ለስሙ፣ ለክርክሩ፣ አዋቂ ለመባል ቢሆንስ ብለህ ብትፈራ፣ ሊቃውንቱ በዚህ ጨካኞች አልነበሩም። ለሌላ ምክንያት ቢሆንም ሰው ቶራን ይማር፣ ከዚያ ተነስቶ ለራሷ ለቶራ ብሎ ወደ መማር ይደርሳል ብለዋል። ጓደኛህንም ያዘው። ሐብሩታ፣ የትምህርት ጓደኛ፣ ከሌለ ሞት ይሻላል የሚል አባባል ታልሙድ ውስጥ አለ። ስልኩን ግን ሁለታችሁ ተነጋገሩበት። «የአባቴ ስልክ ከሆነ አነሳለሁ» በለው። ገማራው አይቀየምም፣ እንዲያውም አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። «ሐድራን ዐላኽ»፣ ወደ አንተ እንመለሳለን። መጽሐፉን ጨርሰው ሲዘጉ ደግሞ እንደ ሰው ያናግሩታል፤ ልባችን አንተ ዘንድ ነው፣ ልብህም እኛ ዘንድ ነው፣ አንረሳህም፣ አትረሳንም ይሉታል። ይህን ምዕራፍ ስትጨርሱ ይህን ቃል ቶሎ ቶሎ አትበለው። ረጋ ብለህ በለው።

ጠዋት የቶራን በረከት ስትል «በአፋችን አጣፍጥልን» የምትለው ቦታ ላይም ትንሽ ቆም በል። ጣዕም የሚለመን ነገር ነው። ስጦታ ስለሆነ ነው የሚለመነው።

ዋናው የምመክርህ ግን የሰንበት ነገር ነው። የሳምንቱን ፓራሻ፣ የሳምንቱን የቶራ ንባብ፣ ሁለት ጊዜ በመጽሐፉ ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ በትርጉም ማንበብ የሚል ሥርዓት እንዳለ ታውቃለህ። ትርጉሙ የኦንቄሎስ አራማይክ ነው። ሥርዓቱን በተመለከተ ረቢህን ጠይቅ፣ እኔ ሕግ አልፈርድም። እኔ የምልህ ሌላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አባትህ ቤት ሂድ። ልጆች ካሉህ ይዘሃቸው ሂድ። ከፓራሻው አንድ ታሪክ ወይም አንድ ሕግ ብቻ ምረጥ። በዕብራይስጥ አንብበው፣ ከዚያ በአማርኛ ንገረው። ስትተረጉም ቃል ያጥርሃል፣ አይቀርም። «አባዬ፣ ይህን በአማርኛ ምን እንለዋለን?» በለው። እሱ ይነግርሃል። ከዚያ «የኛ ቄስ ይህን ሲተረጉሙ ምን ይሉ ነበር?» ብለህ ጠይቀውና ዝም ብለህ ስማ። አታርመው። የቶራ ተንታኙ ራሺ ካለው ቢለይም አታርመው። ልጆቹም ይስሙ። የልጅ ልጁን ቶራ የሚያስተምር ሰው ከሲና ተራራ እንደተቀበለ ይቆጠርለታል ይላል ገማራ፣ ቂዱሺን በሚባለው ክፍል። አባትህ ይህን ዕድል ማንም አልሰጠውም። አንተ ስጠው።

ሽማግሌ ሰው መጀመሪያ ላይ «እኔ ምን አውቃለሁ» ሊል ይችላል። ይህን እዚህ አገር ደጋግሞ የለመደው ነው። አንድ ሰንበት ላይናገር ይችላል፣ ሁለት ሰንበት ላይናገር ይችላል። አትቸኩልበት። ቡናውን በቴርሞስ አዘጋጅተህ ሂድና ቁጭ በል።

ፍቅሩ መጥቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ ብትለኝ፣ ዮማ በሚባለው የታልሙድ ክፍል ሊቁ አባዬ የተናገረው አለ። «ውደድ» ማለት የሰማይ ስም በአንተ ምክንያት የተወደደ ይሁን ማለት ነው ይላል። አንድ ሰው ሲያነብ፣ ሲማር፣ ከሰው ጋር ያለው ነገር ሁሉ የለሰለሰ ሲሆን ሰዎች ስለሱ ምን ይላሉ? «ቶራ ያስተማረው አባቱ የታደለ ነው፣ ቶራ ያስተማረው መምህሩ የታደለ ነው» ይላሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ በልልኝ። እዚህ ላይ አባት ነው የቀደመው።

ጋቢው ቢገኝ ጻፍልኝ። ባይገኝም ጻፍልኝ። ምናልባት አሁን አንድ የማናውቀው ሰው ቤት ተቀምጦ ይሆናል፤ ሠላሳ ቀኑ ገና አልሞላም፣ ባለቤቱን እየፈለገ በፀሐይ ሊያሰጣው ይችላል። አባትህን ደግሞ ለእኔ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። እኔ ልጅ ሆኜ ስለመጣሁ ግእዙን አልያዝኩትም። የመንደራችሁ ቄስ ያንን «ተጫወተው» የሚለውን ቦታ ሲያነቡ በግእዝ እንዴት ነበር የሚሉት? ትዝ ካለው ቃሉን እንዳለ ጻፍልኝ።